የኤሌክትሪክ ጭነትን መቆጣጠር የሠራተኛውና የነዋሪው የጋራ ተግባር ነው

የሰው ልጅ የተፈጥሮን ኃይል ለምርት ተግባር ማዋል ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው አያውቁም። የመጀመሪያው ኃይሉ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተገኘው ኃይል መቼ፣ እንዴትና በማን ቁጥጥር ሥራ ላይ ይውላል የሚለው ነው። በአገራችን ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሠርቷል። ስለ ሁለተኛው ግን የሚነገረው ጥቂት፣ የሚሠራውም ከሚነገረው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ የምናተኩረው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጭነት ለምን መለካት እንዳለበት፣ ጭነቱ ከጣራ የሚደርስበት ሰዓት ለምን በአንክሮ መጠበቅ እንደሚገባው፣ የዚህም ኃላፊነት ለአንድ የቢሮ ሹም ብቻ ሊተው የማይችልበትን ምክንያት እንመለከታለን።

ለዚህ ውይይት ከወላይታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ሶዶ ዛሬ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ካርታ ላይ ዐቢይ መገናኛ ሆናለች። በወላይታና በዳውሮ አዋሳኝ፣ በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውና ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል። ዐሥሩ ተርባይኖቹ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከዚያ የሚወጣው ኃይል በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሶዶ ይመጣል፤ ከሶዶም ወደ መሐል አገር ይቀጥላል። በከተማይቱ አቅራቢያ በተተከለው የመለወጫ ጣቢያ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከተለዋዋጭ ፍሰት ወደ ቀጥተኛ ፍሰት ይለወጥና በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ከተባለው ስፍራ ይደርሳል። ይህ መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም ያለው ሲሆን፣ ኬንያ በዚሁ መስመር ኃይል መግዛት የጀመረችው በ2015 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ኃይል በደጃፉ ሲያልፍ የሚያይ ነዋሪ፣ ምሽት ላይ አምፖሉ ሲደበዝዝበት፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲያቃስትበት፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ መጋዝ በእንጨቱ መካከል ሲቆምበት «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ቢል ማን ይፈርድበታል? ጥያቄው ትክክለኛና ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት «ኃይሉ ሁሉ ወደ ውጭ ሄደ» የሚል ቀላል መልስ አይደለም። እንዲህ ያለው መልስ ቁጣን ያበርድ ይሆናል እንጂ አምፖልን አያበራም። ለችግሩ መፍትሔ ለማግኘት ነገሩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ የኤሌክትሪክ ፍጆታና የኤሌክትሪክ ጭነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ፍጆታ ማለት በቀን ወይም በወር ውስጥ የተጠቀምንበት ጠቅላላ መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ጭነት ማለት ደግሞ በአንድ በተወሰነ ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ የጠየቅነው መጠን ነው፤ የሚለካውም በኪሎ ዋት ነው። ፍጆታ ከወንዝ የተቀዳው የእንስራ ብዛት ቢሆን፣ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ወንዙ የወረዱት ቀጂዎች ብዛት ነው። ወንዙ ሞልቶ ሳለ የሚያወርደው መንገድ ጠባብ ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲወርድ መጋፋት ይመጣል፤ እንስራም ይሰበራል። በኤሌክትሪክ ዘንድም ወንዙ ግድቡ ነው። ጠባቡ መንገድ ደግሞ የከተማው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመሩና በየሠፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ነው። ዛሬ በአያሌ ከተሞቻችን የሚታየው ዋነኛ ቅራኔ በሰፊው ምንጭና በጠባቡ መንገድ መካከል ያለው ቅራኔ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሁለት የዱቄት ፋብሪካዎች አሉ እንበል። ሁለቱም በቀን 2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። የመጀመሪያው ማሽኖቹን አከፋፍሎ 100 ኪሎ ዋት እየወሰደ 20 ሰዓት ይሠራል። ሁለተኛው ሁሉንም ማሽኖች በአንድነት አስነሥቶ 250 ኪሎ ዋት እየወሰደ በ8 ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል። ፍጆታቸውን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱ እኩል ናቸው ይላል። መስመሩንና ትራንስፎርመሩን የሚያይ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ተኩል የሚበልጥ መሣሪያ እንደሚጠይቅ ይረዳል። ያም መሣሪያ በቀሩት 16 ሰዓታት ያለ ሥራ ይቀመጣል። አማካዩ ጭነት ከከፍተኛው ጭነት ጋር ሲነጻጸር የመጀመሪያው 83 በመቶ፣ ሁለተኛው 33 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ ንጽጽር የጭነት ምጣኔ ይባላል፤ አንድ ፋብሪካ የጋራ የሆነውን መሣሪያ ምን ያህል በአግባቡ እንደሚጠቀምበት የሚያሳይ መስተዋትም ነው።

ይህ ሐሳብ ለነዋሪ ማኅበራት አባላት እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዕድር ድንኳን ሲገዛ፣ ድስትና ወንበር ሲያዘጋጅ የሚለካው በአዘቦቱ ቀን ሳይሆን ሰው እጅግ በሚበዛበት በትልቁ ለቅሶ ነው። ድንኳኑ በዓመት ውስጥ የሚዘረጋው ለጥቂት ቀናት ቢሆንም ዋጋው ግን ሙሉ ዋጋ ነው። ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን የሚገጥም ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ድንኳን መግዛት ግዴታ ይሆናል። የኤሌክትሪክ አቅርቦትም እንዲሁ ነው። ጆን ሆፕኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ይኸውም ኤሌክትሪክ የማቅረብ ወጪ ሁለት ክፍል እንዳለው፣ አንደኛው ለተሰጠው ኃይል የሚወጣ፣ ሁለተኛው ግን ደንበኛው ኃይሉን በፈለገው ሰዓት እንዲያገኝ ተዘጋጅቶ ለመጠበቅ የሚወጣ መሆኑን ነው። በዓለም ዙሪያ ከትላልቅ ተጠቃሚዎች የሚሰበሰበው የከፍተኛ ፍላጎት ክፍያ፣ በተለምዶ «ዲማንድ ቻርጅ» የሚባለው፣ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በአገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተደረጉት የታሪፍ ማሻሻያዎች የኢንዱስትሪ ደንበኞች ሒሳብ በኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በደረሱበት ከፍተኛ የኪሎ ዋት ፍላጎትም የሚታሰብበት መንገድ ተቀምጧል።

የከፍተኛ ፍላጎት መለኪያ ቆጣሪ የሚሠራው ቀላል በሆነ ሥርዓት ነው። ጊዜን በ15 ወይም በ30 ደቂቃ ይከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ ክፍል የነበረውን አማካይ ጭነት ያሰላል፤ ከወሩ ክፍሎች ሁሉ የበለጠውን ይይዛል። ስለዚህ ፋብሪካው ወሩን ሙሉ በጥንቃቄ ሠርቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለሩብ ሰዓት ግብታዊ በሆነ መንገድ ሁሉንም ማሽን ቢያስነሣ፣ ቆጣሪው ያንን ሩብ ሰዓት አይረሳም። የወሩም ክፍያ በዚያ ሩብ ሰዓት ይወሰናል። የአንድ ወር የሠራተኛ ልፋት በአንድ ሩብ ሰዓት የዕቅድ ጉድለት ሊሸረሸር ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ የከፍተኛ ጭነት ጉዳይ የመሐንዲሶች የቢሮ ጨዋታ አለመሆኑን፣ ከምርት ዋጋ፣ ከዚያም አልፎ ከደመወዝና ከሥራ ዋስትና ጋር የተሳሰረ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

ሁለተኛው በአንክሮ ሊታይ የሚገባው ነጥብ ፓወር ፋክተር የሚባለው ነው። ሞተሮች፣ የብየዳ ማሽኖችና የመሳሰሉት ሥራ ከሚሠሩበት ኃይል በተጨማሪ መግነጢሳዊ መስክ ለመፍጠር የሚመላለስ ፍሰት ይጠይቃሉ። ይህ ፍሰት ዱቄት አይፈጭም፤ እንጨት አይሰነጥቅም፤ ነገር ግን ሽቦውንና ትራንስፎርመሩን ይይዛል። ከላይ የጠቀስነው 250 ኪሎ ዋት የሚወስደው ፋብሪካ ፓወር ፋክተሩ 0.7 ቢሆን በትራንስፎርመሩ ላይ የሚያሳርፈው ጭነት 357 ኪሎ ቮልት አምፔር ይደርሳል። የተተከለለት ትራንስፎርመር የ315 ቢሆን ከአቅም በላይ ተጫነ ማለት ነው። ካፓሲተር ተገጥሞ ፓወር ፋክተሩ ወደ 0.95 ከፍ ቢል ግን ያው ፋብሪካ፣ ያንኑ ዱቄት እየፈጨ፣ 263 ኪሎ ቮልት አምፔር ብቻ ይጠይቃል። ትራንስፎርመሩ ሳይለወጥ ችግሩ ይቃለላል። በሽቦው ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ከፍሰቱ ካሬ ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ በመሆኑም፣ ብክነቱ ቀድሞ ከነበረው ወደ ግማሽ የተጠጋ ይሆናል። አዲስ ግድብ ሳይሠራ የተገኘ ኃይል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የማስነሻ ሰዓት ጉዳይ ነው። በቀጥታ የሚነሣ ሞተር ለጥቂት ሰኮንዶች ከመደበኛው ፍሰት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። እነዚህ ሰኮንዶች በሩብ ሰዓት አማካይ ውስጥ ስለሚጠፉ የፍላጎት ቆጣሪው ብዙም አያያቸውም። የጎረቤት አምፖል ግን ያያቸዋል። ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ቅጽበት ነው። ማብሪያዎቹ ሁሉ እንደተከፈቱ ቆይተው ኃይሉ ሲመለስ የፋብሪካው ሞተሮች በሙሉ፣ የየቤቱም ምጣድ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይነሣሉ። መስመሩም ይህን መሸከም ስለማይችል መልሶ ይቋረጣል። ከዚያም ሠፈሩ «አሁን መጥቶ አሁን ሄደ» እያለ ያማርራል። መብራት ሲጠፋ ማሽኖችን በየማብሪያቸው ማጥፋት፣ ሲመለስም በተራ፣ ከትልቁ ጀምሮ በየተወሰነ ደቂቃ ማስነሣት፣ ለትላልቅ ሞተሮችም ስታር ዴልታ ማስነሻ መጠቀም ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት የሚጠይቅ ነው ለማለት ይቻላል።

ፋብሪካው የራሱ ትራንስፎርመር ቢኖረው እንኳ መስመሩና የማከፋፈያ ጣቢያው ከነዋሪው ጋር የጋራ ናቸው። በመሆኑም ጉዳዩ በፋብሪካው አጥር አይወሰንም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በአማካይ 3.5 ብንል፣ 60 ምጣዶች በአንድ ሰዓት ሲጣዱ 210 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ይህ የአንድ መካከለኛ ፋብሪካ ጭነት ነው። በበዓል ዋዜማ፣ ለምሳሌ ለጊፋታ ዝግጅት ቤተሰብ ሁሉ በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ የምጣዱና የፋብሪካው ጭነት በአንድ ምሽት ሊገናኝ ይችላል። በአገር አቀፍ ደረጃም ጭነቱ ከፍ የሚለው በምሽት፣ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ መብራትና ማብሰያ በአንድ ጊዜ በሚበሩበት ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ሥራውን ለመወጣት ብዙ አምፔር ይስባል፤ ይሞቃል፤ ጥቅልሉም ይቃጠላል። የተቃጠለን ሞተር ለማስጠቅለል የሚወጣው ገንዘብ፣ እስኪጠቀለል ድረስ ሥራ ፈትተው የሚቀመጡት እጆች፣ የሚዘገየው ምርት ሁሉ ሲደመር፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ተገኘ የተባለውን ጥቅም ብዙ ጊዜ ያስከነዳዋል።

አንዳንድ ወገኖች «ጊቤ ሦስት አለ፤ የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ባለበት አገር ስለ ሩብ ሰዓት መጨነቅ ምን ይባላል?» የሚል አስተያየት ይሰነዝራሉ። ይህ አስተሳሰብ ምንጩን ከመንገዱ ጋር ያደባለቀ ነው። የግድቡ አቅም በአንድ ሌሊት የሠፈሩን ትራንስፎርመር አያሰፋውም። እንዲያውም ምንጩ ሲሰፋ አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ወፍጮ ቤት፣ አዲስ ምጣድ ስለሚጨመር በጠባቡ መንገድ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታል። የምርት ዕድገት ራሱ የቁጥጥርን አስፈላጊነት ያጎላዋል እንጂ አያስቀረውም።

ምንጩ ራሱ የሚነጥፍበት ጊዜ መኖሩንም ታሪካችን ያስተምረናል። በ2001 ዓ.ም. በአገሪቱ ኃይል በፈረቃ መታደሉ አይዘነጋም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊቤ ሦስት ግድብ የውሃ መጠን በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት እጥረት ማጋጠሙ ተገልጾ፣ ነዋሪውም ኢንዱስትሪውም በፈረቃ እንዲጠቀሙ ተደርጓል። ወደ ጎረቤት አገሮች የሚላከው ኃይልም ተነክቷል። በእርግጥ ይህ የውሃ እጥረት እንጂ የመስመር ጥበት አልነበረም። ይሁን እንጂ ጭነቱን የሚያውቅና የማያውቅ ፋብሪካ በእንዲህ ያለ ጊዜ እኩል አይጎዱም። ጭነቱን በማሽን በማሽን መዝግቦ የያዘ ድርጅት «ይህን ያህል ኪሎ ዋት ስጡን፤ ይህን ማሽን አቁመን ያንን እናሠራለን» ብሎ ለመደራደር ይችላል። መዝገብ የሌለው ግን ሲበራለት ይሠራል፤ ሲጠፋበት ይዘጋል፤ ሠራተኛውንም ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የሌላውም ዓለም ተሞክሮ ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የደቡብ አፍሪካው የኃይል ድርጅት ኤስኮም አቅርቦቱን ማረጋገጥ እንደማይችል ባስታወቀ ጊዜ ትላልቅ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ለቀናት ሥራ አቁመዋል። ጥልቅ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ላለ ወዛደር የአየር ማናፈሻውና የማውጫው አሳንሰር ኃይል የትርፍ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ማዕድን ማውጫዎቹ ከቀድሞው ባነሰ ኃይል ሥራ ሲቀጥሉም የትኛው ማሽን ፈጽሞ የማይቋረጥ፣ የትኛውስ ሊጠብቅ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ የመለየት አስፈላጊነት ገሃድ ወጥቷል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህን ቁጥጥር ማን ያካሂደው? በብዙ ድርጅቶች ያለው ልማድ የታወቀ ነው። ቆጣሪው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ንባቡን የሚያየው ሒሳብ ሊሰበስብ የመጣው ሰው ነው። ደረሰኙ በሒሳብ ክፍል ይመዘገብና በመደርደሪያ ይዘጋበታል። ማሽኑን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ሠራተኛ የእጁ ሥራ በጭነቱ ላይ ምን እንዳስከተለ አያውቅም። የወሩ ወጪ ሲያሻቅብ ግን «ሠራተኛው አባካኝ ነው» የሚል ወቀሳ ይወርድበታል። ይህ ቢሮክራሲያዊ አሠራር ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ያላሳዩትን ሰው «ለምን አላየህም» ብሎ መውቀስ አይቻልም። ጭነትን የሚፈጥረው በማብሪያው ላይ ያለው እጅ እንደ መሆኑ መጠን፣ ጭነትን ለመቆጣጠር የሚችለውም ያው እጅ ነው፤ ይኸውም ዕውቀቱና መረጃው ሲሰጠው ነው።

ስለዚህ በወላይታ ሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካና በሌሎችም ከተሞች በሚገኙ ፋብሪካዎችና የሥራ ቤቶች በሚከተሉት ተግባራት ላይ ውይይት እንዲከፈት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ድርጅት የጭነት መዝገብ ይክፈት። መዝገቡ ውድ መሣሪያ አያሻውም። ሰዓት፣ ኪሎ ዋት፣ ቮልቴጅ፣ ፓወር ፋክተርና በዚያ ሰዓት በሥራ ላይ የነበሩት ማሽኖች የሚጻፉበት አንድ ደብተር ይበቃል። በቆጣሪው ላይ የማይታየውን ኤሌክትሪሺያኑ በክላምፕ ሜትር ሊለካው ይችላል። በመደበኛው ሰዓት በየሰዓቱ፣ ጭነቱ ከፍ በሚልበት ሰዓት ደግሞ በየ15 ደቂቃው ይጻፍ። መብራት የጠፋበትና የተመለሰበት ደቂቃም ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ ከሳጥን ወጥቶ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሳምንቱ የጭነት መስመር በትልቅ ወረቀት ተሥሎ ሠራተኛው በሚገባበትና በሚወጣበት በር ላይ ይታይ። ከፍ ብሎ የወጣውን ነጥብ እያመለከቱ «በዚህ ሰዓት ምን ተሠራ? የትኛው ማሽን ሊጠብቅ ይችል ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ ከብዙ ሰዓት ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ ማሽኖች በሦስት ተርታ ይመደቡ። የማይቋረጡት ለብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ሊጠብቁ የሚችሉት ለብቻ፣ በማናቸውም ሰዓት ሊሠሩ የሚችሉት ለብቻ ይለዩ። የውሃ ፓምፕ ታንከሩን ሌሊት ሊሞላ ይችላል። ኮምፕሬሰር፣ ማበጠሪያና የመሳሰሉትም ጭነቱ ጋብ በሚልበት ሰዓት ሊሠሩ የሚችሉበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ምደባውን የሚያወጣውም ከማሽኑ ጋር የሚውለው ሠራተኛ ከቴክኒክ ክፍሉ ጋር ሆኖ ይሁን።

አራተኛ፣ ከመስመሩ ተጋሪ ነዋሪ ጋር ስምምነት ይደረግ። የቀበሌ ማኅበራትና ዕድሮች ከፋብሪካው ተወካዮች ጋር ተቀምጠው በበዓላት ዋዜማና በምሽት ማን መቼ ጋብ እንደሚል ይወስኑ። ፋብሪካው ምሽት ላይ ከባዱን ጭነት ለሁለት ሰዓት ቢያዘገይ፣ ነዋሪው ደግሞ እንጀራ መጋገሪያውን ከፋብሪካው የሥራ ጫፍ ሰዓት ቢያርቅ፣ ሁለቱም ከአንድ መስመር በሰላም ይጠጣሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ሳይታለፍ መነሣት ያለበት አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። «ጭነቱን ወደ ሌሊት እናሽሽ» የሚለው ሐሳብ በሥራ ላይ ሲውል ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል? ቆጣሪው ዝቅ እንዲል ሠራተኛዋ በእኩለ ሌሊት በጨለማ መንገድ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ከተደረገ፣ ድርጅቱ ያዳነው ገንዘብ ከእርስዋ ዕረፍትና ደኅንነት የተወሰደ ነው። ይህ ቁጠባ ሳይሆን ዕዳን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። በእኛ እምነት ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ብክነት ይወገድ፤ ቀጥሎ ካፓሲተሩ ይገጠም፤ ቀጥሎ ሰው የማይጠብቃቸው ማሽኖች ሰዓታቸው ይዛወር፤ የሰው ፈረቃ የሚነካው በመጨረሻ ነው። እርሱም ቢሆን በሠራተኛው ስምምነት፣ መጓጓዣና የሌሊት ክፍያ ተሟልቶ ይሁን። ከዳነውም ገንዘብ ድርሻው ያዳነው ሠራተኛ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ጥቅሙን የማያይ ሠራተኛ መዝገቡን እንደ ሰላይ፣ ጥቅሙን የሚያይ ግን እንደ መሣሪያው ያየዋል።

«እኛ ትናንሽ የሥራ ቤቶች ነን፤ ይህ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው» የሚል መከራከሪያም ይቀርባል። እውነት ነው፣ አንድ የብሎኬት ማምረቻ ወይም አንድ የብየዳ ቤት ብቻውን መስመር አይጥልም። ሠላሳ የሥራ ቤቶች በአንድ ሰዓት ሲነሡ ግን የአንድ ትልቅ ፋብሪካን ያህል ይከብዳሉ፤ ከትልቁ ፋብሪካ የሚለዩትም ሁሉንም በአንድ ዓይን የሚያይ አንድም ሰው ስለሌላቸው ነው። ስለሆነም መደራጀት ከትልልቆቹ ይልቅ ለትንንሾቹ ያስፈልጋል። በማኅበር ተሰባስበው አንድ ኤሌክትሪሺያን በጋራ ቢቀጥሩ፣ አንድ የጋራ መዝገብ ቢይዙ፣ የማስነሻ ሰዓታቸውን ቢያከፋፍሉ ለብቻቸው ሊያገኙት የማይችሉትን ያገኛሉ።

ከዚህ ጋር ኃላፊነቱን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መጣል ፍትሐዊ አለመሆኑን መግለጽ እንወዳለን። የማመንጫውና የማስተላለፊያው ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማከፋፈያውና የሽያጩ ሥራ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የተከፋፈለው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከአከፋፋዩ የሚጠበቀው ሒሳብ መሰብሰብ ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ መስመርና ትራንስፎርመር ጭነት ምን ያህል እንደሆነ ለተጠቃሚው ማሳወቅ፣ ከአቅም በላይ የተጫነውን በወቅቱ መለወጥ፣ የታቀደ መቋረጥን አስቀድሞ ማስታወቅ ግዴታው ነው። ፋብሪካውና ሠፈሩ መዝገባቸውን ይዘው ሲቀርቡ አቤቱታቸው ከስሞታ ወደ ማስረጃ ይለወጣል። «መብራት ይጠፋብናል» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይሸኛል። «በዚህ ወር ይህን ያህል ጊዜ፣ በእነዚህ ሰዓቶች፣ ቮልቴጁ እዚህ ደርሶ ጠፍቷል፤ የእኛም ጭነት በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ነበር» የሚል አቤቱታ ግን መልስ ይጠይቃል። መዝገብ የተጠቃሚው ግዴታ ብቻ ሳይሆን የመብቱም መከላከያ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎችና የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም በዚህ ተግባር ውስጥ ሰፊ ድርሻ አላቸው። በመማሪያ ክፍል በጥቁር ሰሌዳ የተማሩት የጭነት ስሌት በከተማቸው የዱቄት ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ሕይወት ሊዘራ ይችላል። ተማሪው ቀመሩን ለሠራተኛው ሲያስረዳ፣ ሠራተኛው ደግሞ የማሽኑን ጠባይ ለተማሪው ሲያስተምር፣ ንድፈ ሐሳብና ተግባር የሚገናኙት በዚያ ነው።

በአጭሩ፣ ግድብ መሥራት የመንግሥትና የአገር ሥራ ነው፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚሠራውም በጣት የሚቆጠር ነው። ጭነትን መጠበቅ ግን የየዕለቱ፣ የየሰዓቱ፣ የየሩብ ሰዓቱ ሥራ ነው። የሚሠራውም በየማብሪያው አጠገብ በቆመው ሰው ነው። ኦሞን የገደበ ሕዝብ የሠፈሩን ትራንስፎርመር መጠበቅ አያቅተውም። ሠራተኞች፣ የነዋሪ ማኅበራት አባላት! ጭነቱን እንመዝግብ፤ መዝገቡን በግድግዳ ላይ እንለጥፍ፤ በተለጠፈው ላይ እንወያይ፤ በተወያየነው መሠረት እንሥራ።